የሰማያዊቷ ስፖርት ማኪና ዘይት

ጎንደር ውስጥ በመካኒክነት የምትተዳደር ሴት ያየ ሰው መጀመሪያ ይገረማል፤ ቀጥሎ ይፈትናታል፤ ሥራዋን ካየ በኋላ ግን ማኪናውን ሌላ ቦታ አይወስድም። እኔ ይህን ሁሉ ካለፍሁ ቆይቻለሁ። የምሠራበት ጋራዥ ግማሹ የኔ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ሙያውን ያስተማሩኝ የአንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው። እኒህን ሰው አያ ነው የምላቸው፤ ጋራዡ ውስጥ ያለ ሁሉ አያ ይላቸዋል። ዕድሜያቸው ገፍቶ ከማኪና ሥር መግባት ቢተዉም፣ በር ላይ ወንበራቸውን አድርገው የሚገባውን ማኪና ሁሉ ሲያዳምጡ ይውላሉ።

አብዛኛው ሥራችን የጭነት ማኪናና ቅጥቅጥ አውቶቡስ ነው፤ ከኮላ ድባ እህል ጭነው የሚወጡ፣ ከደባርቅ ሰው ጭነው የሚወርዱ። ስለዚህ አንድ የኅዳር ጠዋት ያቺ ሰማያዊ ማኪና ሆዷ ኮብልስቶኑን እንዳይነካ በአግድም እየተጠማዘዘች ስትመጣ፣ ሠራተኛው ሁሉ የያዘውን አስቀምጦ ወጣ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ከመሬት ብዙም የማትርቅ የጀርመን ስፖርት ማኪና ናት። እንዲህ ያለችውን በስልክ ካልሆነ በቀር አይተን አናውቅም ነበር።

«ምነው፣ ይቺ አድጋ ጨርሳለች ወይስ ገና ናት?» አሉ አያ።

የምትነዳት ሴት በእኔ ዕድሜ ገደማ ናት። ማራኪ አካባቢ መድኃኒት ቤት አላት። ሞተሩን ሳታጠፋ ወረደችና ሰላምታዬን እንኳ ሳታስጨርሰኝ «ስሚያት እስቲ» አለችኝ።

ሰማኋት። ሞተሩ ደኅና ነው። ከፊት በኩል ግን ጠጠር የገባበት ወፍጮ የመሰለ ድምፅ አለ። ነዳጅ ስሰጠው ድምፁ ወደ ፉጨት ይቀየራል፤ ስለቀው ወደ ጠጠሩ ይመለሳል።

«ሁለት ጋራዥ ወስጃታለሁ» አለች። «ሁለቱም ሱፐርቻርጀሩ ሞቷል፣ ፈትተን እናውጣውና ያለ እሱ ትሂድ አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እንቢ አልሁ።»

«ሸጋ አደረግሽ» አልኋት።

ሱፐርቻርጀር የቱርቦ ዘመድ ነው። ቱርቦ የሚዞረው በሞተሩ ጭስ ግፊት ሲሆን፣ ሱፐርቻርጀር ግን ከሞተሩ ጋር በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ፣ ታስሮ ይዞራል። ውስጡ ሁለት ጥምዝ ብረቶች ሳይነካኩ እየተሽከረከሩ አየሩን አፍነው ወደ ሞተሩ ይገፉታል። አያ ነገሩን ሳስረዳቸው «በይ እንግዲያ፣ ወናፍ ነው» አሉ፤ የአንጥረኛ ወናፍ ማለታቸው ነው፤ እኔም ከዚያ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም። ወናፍ ሳይኖር ቆላ ላይ መሄድ ይቻል ይሆናል። ጎንደር ግን ራሷ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ ወገራ ሲወጣ ደግሞ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሞተርም እንደ ሰው ያለከልካል። ለእንዲህ ያለ ዳገት ያን ማሽን አውጥቶ መሄድ አይታየኝም ነበር።

«ወዴት ልትነጃት አስበሽ ነው?» አልኋት።

«አምባ ጊዮርጊስ፣ ወገራ። እናቴ ዘንድ።»

ሞተሩ እስኪበርድ ወንበር ሰጠናትና ከአያ አጠገብ ተቀመጠች። ማኪናዋ የወንድሟ ነበረች። ወንድሟ የመንገድ ቀያሽ ነበር፤ ዕድሜውን በአቧራ ላይ ካሳለፈ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ሰው ይቺን አሮጌ ስፖርት ማኪና ገዛ። «አስፋልቱን ለሰው ስቀይስ ኖርሁ፤ እስቲ እኔም ልደሰትበት» ይል ነበር አለች። ለእናቱ በስልክ ስለ ማኪናዋ ያወራላት ነበር። ለፋሲካ ይዣት እመጣለሁ፣ አንቺን አስቀምጬ ወደ ደባርቅ እነዳለሁ ይላታል። ፋሲካ ሳይደርስ ታመመ፤ በዚያው ሕመም ሞተ። ማኪናዋን በጭነት ወደ ጎንደር አመጧትና በእህቱ ግቢ ሸራ ለብሳ ሁለት ክረምት ቆመች።

«በቀደም እናቴ ደወለችና 'ያቺ የልጄ ማኪና የት ደረሰች?' አለችኝ» አለች። «ተሸጣለች ብላት ይቀላት ይሆን ብዬ ነበር። አፌ እንቢ አለኝ።»

አያ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ወደ ሥራዬ ገባሁ።

መጀመሪያ ቺንጋውን አወጣሁና ሞተሩን ለአጭር ጊዜ አስነሣሁት። የጠጠሩ ድምፅ ጠፋ። እንግዲህ ጥፋቱ ወናፉ ላይ ነው ማለት ነው፤ እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ጋራዦች ልክ ነበሩ። ቀጥዬ ሞተሩን አጠፋሁና የወናፉን ፑሌጃ፣ ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ክብ ብረት፣ በእጄ አዞርሁት። አሸዋ የነካው ይመስል ትንሽ ይሻክራል። ወደ ላይ ወደ ታች ወዘወዝሁት፤ ከቦታው አልተነቃነቀም። የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቆ ቢሆን ኖሮ ፑሌጃው በእጄ ላይ ይጫወት ነበር።

«ደርቋል እንጂ አልሞተም» አልኋት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ይህ ማሽን የራሱ ዘይት አለው። ከሞተሩ ዘይት ጋር አይገናኝም። ፊቱ ላይ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም የማይበልጥ ዘይት ተቀምጦ ብረቶቹን የሚያዞሩትን ጥርሶችና ኩሽኔታዎች ያለሰልሳል። እየሳቡ የሚያዩት መለኪያ ዘንግ የለውም፤ ሲያልቅ የሚበራ መብራትም የለውም። ስለዚህ የሞተሩን ዘይት በሰዓቱ የሚያስቀይር ሰው እንኳ ይህን ሳያስነካ ዓመታት ይነዳል።

የዘይቱ መሙያ ብሎን ዙሪያ አቧራና ዘይት ተላቁጠው እንደ ጭቃ ደርቀው ነበር። ሳልፈታው በፊት በብሩሽና በጨርቅ አጸዳሁት፤ ጥቂት አሸዋ ወደ ውስጥ ከወረደ አዲስ ዘይት መሙላት ትርፉ ድካም ነው። ፈታሁት። ዘይቱ ከቀዳዳው ከንፈር እኩል መታየት ነበረበት። በስልኬ አበራሁበት፤ የሚታይ ነገር የለም። ከሥር የቀረውን የምስብበት ቀጭን ነገር ስፈልግ የማኪናዋ ባለቤት ተነሥታ «እኔ ጋ ሞልቷል» አለችና ባጃጅ ይዛ ወደ መድኃኒት ቤቷ ሄደች። ትልቅ ሲሪንጅና የግሉኮስ ቱቦ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ የተሻለ መሣሪያ ጋራዥ ውስጥ ይዤ አላውቅም።

የወጣው ዘይት ጥቂት ነው፤ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል፤ ሽታው የገማ እንቁላል ነው። አያ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ያዙ።

«ኧረ ይቺስ ከሞተች ቆይታለች!»

«የሞተው ዘይቱ ነው፣ አያ።»

ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግቼ ማግኔት አስጠጋሁበት። ግራጫ ደቃቅ ነገር ሰበሰበ እንጂ ስባሪ ብረት አልያዘም። ጥርሶቹ አልተሰበሩም። ዘይቱ የሄደበትን መንገድም አገኘሁት፤ በብሎኑ ሥር የምትቀመጠው የመዳብ ቀለበት ተጨፍልቃ አልቃለች፤ ዘይቱም በዚያ በኩል ጥቂት በጥቂት እየተንጠባጠበ ወደ ውጭ ወርዷል።

ክርክሩ የመጣው አዲሱን ዘይት በተመለከተ ነው። ጎንደር ውስጥ ለዚህ የሚሆን ዘይት የሚሸጥ ሱቅ አላገኘሁም።

«የካምቢዮ ዘይት አድርጊባትና ልጅቱን ሸኚያት» አሉ አያ። «እኔ የካምቢዮ ዘይት የጎዳው ጥርስ አላየሁም።»

«አያ፣ ካምቢዮ እንዲህ አይፈጥንም። ይህ ከሞተሩ ይበልጥ ፈጥኖ ነው የሚሽከረከረው። ወፍራም ዘይት ከገባበት አረፋ ያወጣል፣ ይግላል፣ ዘይት መያዣ ጎማውን ገፍቶ ይወጣል።»

«እንግዲያ ከየት ልታመጭ ነው?»

«ከአዲስ አበባ።»

«እስከዚያስ?»

እኔ ሳልመልስ ባለቤቷ ጣልቃ ገባች። «እጠብቃለሁ አያ። እስካሁንም ቆማለች።»

አያ እጃቸውን ዘረጉ፤ እንዳሻሽ ማለታቸው ነው። እንዲህ ሲሆኑ ቅር አይላቸውም። የማምንበትን ነገር ይዤ ስሟገታቸው ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ፤ ከሌላ ሰው ጋር ሲሆኑ የሚያወሩት ይህንኑ ነው።

አዲስ አበባ መለዋወጫ ወደሚሸጥ ሰው ደወልሁ፤ የምፈልገውንም በፎቶ ላክሁለት። መጀመሪያ የላከልኝ የናፍጣ ሞተር ዘይት ነበር። መለስሁለት። «ያው ዘይት አይደል?» ብሎ በስልክ ተቆጣ፤ «አይደለም» አልሁትና ፎቶውን ደግሜ ላክሁ። በስተመጨረሻ ትክክለኛው መጣ፤ ትንሽ ጠርሙስ ናት፤ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር በጨርቅ ጠቅልሎ ከመሪው አጠገብ አድርጎ አመጣልኝ። የመዳብ ቀለበቷን እዚሁ ከተማ አገኘኋት።

መሙላቱ ከመፈለጉ ይልቅ ቀላል ነው፤ ግን ችኮላ አይወድም። ማኪናዋ በረደች፣ ሜዳ ላይ ቆመች፤ ዘንበል ካለች ልኩ ያታልላል። ጥቂት አዲስ ዘይት በሲሪንጁ አስገባሁ፤ ፑሌጃውን በእጄ አዞርሁት፤ መልሼ ሳብሁት። ጠቆር ብሎ ወጣ። ደገምሁ። የሚወጣው እየጠራ፣ በእጄ ላይ የነበረው መሻከርም እየለዘበ ሄደ። ከዚያ እስከ ልኩ ሞላሁት። ልኩ ዘይቱ የቀዳዳውን ከንፈር ነክቶ ጠብ ሊል ሲል ነው፤ እዚያ ላይ ማቆም ነው። ትርፍ ዘይትም እንደ ጉድለቱ ይጎዳል። አዲሷን የመዳብ ቀለበት ከሥሩ አድርጌ ብሎኑን በጣቴ አስገባሁትና በመፍቻው ጥቂት ብቻ ጠበቅ አደረግሁት፤ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ጉልበት ካበዙበት ጥርሱን ይበላል።

ቺንጋውን መልሼ «አስነሺያት» አልኋት።

መጀመሪያ ጠጠሩ ተሰማ። እጇን ወደ ማጥፊያው ሰደደች። እጄን ጠብቂ በሚል አሳየኋት። ዘይቱ ጥርሶቹ መሃል ሲደርስ ድምፁ እየሳሳ ሄደና ጠፋ። ነዳጅ ስትሰጠው ጥርት ያለ ቀጭን ፉጨት ብቻ ወጣ።

«እንዲህ ነበር በስልክ የሚያሰማኝ!» አለች። «'ስሚያት፣ ስሚያት' እያለ!» ደግማ ደጋግማ ረገጠችው። አያ ከወንበራቸው ተነሥተው መጡና ኮፈኑ ላይ እጃቸውን አሳረፉ፤ ማኪና ሲወዱ እንዲህ ያደርጋሉ።

ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስትሄድ አብሬያት እንድወጣ ለመነችኝ። ዳገቱ ላይ ብትጮህ ምን አደርጋለሁ አለች። ለሾፌሮች ደውለን መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠየቅንና አንድ ማለዳ ተነሣን። ጣሪያውን ገለጠችው። እሷ ራሷን በነጠላ ጠቅልላ፣ እኔ ጋቢ ለብሼ፣ ወለቃን አልፈን ዳገቱን ያዝነው። ቅዝቃዜው ጆሮ ይቆርጣል። ማኪናዋ ግን ዳገት መሆኑን የነገራት ያለ አይመስልም፤ የጭነት ማኪኖቹን እያለፈች ትወጣለች። ከፊታችን ያለውን ፉጨት እየሰማሁ፣ ሥራዬ ነው እያልሁ፣ በልቤ ኮራሁ።

ኮሶዬ ስንደርስ የተቃጠለ ዘይት ሸተተን። ባለቤቷ ዳር ይዛ ቆመች።

«ተቃጠለች! ተቃጠለች አይደል?»

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትሁ። ከወናፉ ሥር ቀጭን ጭስ ይወጣል። ብሎኑ ዙሪያ በጨርቅ አበስሁ፤ ጨርቁ ደረቅ ነው። አዲስ ዘይት አልወጣም። ድሮ ተንጠባጥቦ በብረቱ ሽንትሮች ውስጥ የደረቀው ነው አሁን ሙቀት አግኝቶ የሚነደው። ይህን ነገርኋት።

«እንግዲያ ክፈችውና ልየው» አለች።

«አሁን አይከፈትም።»

«ምነው?»

«ሲሞቅ ዘይቱ ይሰፋል፤ ጎድሎ ሳለ የሞላ ይመስላል። ሊፈናጠርም ይችላል፤ ያቃጥልሻል። እስኪበርድ እንቀመጥ።»

እንደ ተጠራጠረችኝ አየሁ፤ አልተቀየምኋትም። እኔ ግን ጥርጥር አልነበረኝም። ገደሉ አፋፍ ላይ ድንጋይ መርጠን ተቀመጥን። ከታች ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። አህዮች እየነዱ ወደ ገበያ የሚሄዱ አንድ አዛውንት ገበሬ ማኪናዋን ሲያዩ ቆሙ።

«ምነው ልጆቸ፣ እንቢ አለች?»

«እያረፈች ነው፣ አባባ» አልኋቸው።

ዞረው ዞረው አዩአት። «ምን ያህል ትጭናለች?»

«ሁለት ሰው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

አዛውንቱ አህዮቻቸውን ተመለከቱ፤ ማኪናዋን ተመለከቱ፤ «ሸጋ ናት፤ ግን ለእናንተ አዘንሁ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ባለቤቷ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመና ወደ ማኪናዋ ዞረች።

«እዚህ ብትቀርብኝ ወንድሜ ሁለተኛ የሞተብኝ ይመስለኛል» አለች።

«ብትቀር እጠግናታለሁ» አልኋት። «አብሬሽ የወጣሁት ለዚያ ነው።»

ፀሐዩ ከፍ ሲል ብረቱ በእጅ የሚነካ ሆነ። ማኪናዋ ሜዳ ላይ ናት። ዙሪያውን ጠርጌ ብሎኑን ፈታሁና «ነይ እይው» አልኋት። ጎንበስ አለች። ዘይቱ እንደ ጠራ ጠጅ ከቀዳዳው ከንፈር እኩል ተኝቷል፤ አንዲት ጠብታ አልጎደለም።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። በይ አንቺ ዝጊው።» በጣቷ አስገባችው፤ መፍቻውን ሰጠኋት፤ የት ላይ እንደምታቆም በእጇ ላይ እጄን አድርጌ አሳየኋት።

አምባ ጊዮርጊስ የእናቷ ቤት ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ ነው። እናቷ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ መቁጠሪያ በእጃቸው ይዘዋል። ከበሩ ሲወጡ አላለቀሱም። ማኪናዋን ዞሯት። ኮፈኑን ዳሰሱት።

«ይች ናት?»

«ይች ናት፣ እማየ።»

«አጭር ናት። እሱ ሲያወራ ትልቅ መስላኝ ነበር።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንችስ ማነሽ ልጀ?»

«መካኒኳ ነኝ፣ እማማ።»

«አንች ነሽ ያዳንሻት?»

«አዎ» አልሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ። በይ እንግዲህ ቦታውን ልቀቂልኝ።»

ወንበሩ ሁለት ነው። ደግፌ አስቀመጥኋቸው፤ ቀበቶውን አሰርሁላቸው፤ ጋቢዬን በጉልበታቸው ላይ አደረግሁ። ሁለቱ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ሄዱ። እኔ ከጎረቤቶቹ ጋር መንገድ ዳር ቆሜ አዳመጥሁ። ፉጨቱ ከፍ አለ፣ ማርሹ ሲቀየር ዝቅ አለ፣ እንደገና ከፍ አለ። ምንም አልተቀላቀለበትም። የዚያን ጊዜ ሰው ቢጠይቀኝ በአገሩ የኔን ያህል ሥራውን የሚያውቅ የለም እል ነበር።

ጎረቤቶቹ ንፍሮና ጠላ ሰጡኝ። እናትና ልጅ ብዙ ቆይተው ተመለሱ። እናትየው ከማኪናዋ አልወርድ አሉ፤ «ትንሽ ልቀመጥ» ብለው በሯን ዘጉት። የሰፈሩ ሰው እየመጣ በመስኮቱ በኩል ሰላም ሲላቸው፣ በቤታቸው ደጃፍ እንደ ተቀመጠ ሰው ሁሉንም እየመለሱ፣ ስለ ከብቱ ስለ ልጁ እየጠየቁ ቆዩ። ልጃቸው ልታወርዳቸው ስትጠጋ ብቻ ድምፃቸው ተሰበረ።

«ትፈጥናለች ብሎኝ ነበር» አሉ። «ሲያጋንን ነው ብየ ነበር። አላጋነነም።»

እናትና ልጅ ተቃቅፈው ቆሙ። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ የማያስፈልገውን ሁሉ ሳጸዳ ቆየሁ።

ባለቤቷ ያን ሌሊት እናቷ ዘንድ ልታድር ወሰነች። ከዚያ ወዲህ ማኪናዋ ሸራ አልለበሰችም፤ በበዓል ሁሉ ወደ እናትየው ትወጣለች። ዘይቱን ባለቤቷ ራሷ ናት የምታየው፤ ጠዋት፣ ሳታስነሣት፣ በግቢዋ ውስጥ ባለው ሜዳ ላይ፤ የሚቀየርበት ጊዜ ሲደርስ ብቻ ወደኔ ትመጣለች።

እኔ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እናትየው ግድ ብለው የሰጡኝን ድንች ተሸክሜ ቅጥቅጥ ተሳፈርሁ። ሾፌሩ ደንበኛዬ ነው፤ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ምነው በዚህ በኩል? በምን ወጣሽ?» አለኝ።

«በስፖርት ማኪና» አልሁት።

እስከ ወለቃ እየሳቀ ወረደ።